የስፖርት መኪና በወለጋ መንገድ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተሰጠ ንግግር)



የንግግሬ አርእስት የስፖርት መኪና ነው። አርእስቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ብዙዎች እንደ ሳቁ ዐውቃለሁ። ሳቃቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። በነቀምቴ ከተማ ባጃጁን፣ ሚኒባሱን፣ ቡና የጫነውን አይሱዙና ከገጠር የሚመጣውን ላንድክሩዘር እናያለን እንጂ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚያስቀምጠውንና ወለሉ መሬት ሊነካ የቀረበውን ፈጣን ኦቶሞቢል አናይም። ይሁን እንጂ የክፍላችንን ልጆች ደብተር ገልጣችሁ ብትመለከቱ የፖርሽ ወይም የፌራሪ ሥዕል የሌለበት ጥቂት ነው። ሥዕሉን ከሚይዙት አንዱ እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህ በሥዕል የምንወደው መኪና አንድ ቀን በእውነት ነቀምቴ ቢገባ መንገዱ ምን ያደርገዋል፣ ማን ይነዳዋል፣ ሲሰበርስ ማን ያነሣዋል ብዬ ለመጠየቅ ተነሣሁ።

መንገድ ሳይኖር መኪና መምጣቱ ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የሚባለውን ኦቶሞቢል ከጅቡቲ አስነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ለዳግማዊ ምኒልክ አመጣ። በዚያ ዘመን የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ ለመኪና ተብሎ የተሠራ መንገድ ግን አልነበረም። ስለዚህ መኪናው በብዙ ሥፍራ በሰው ጉልበት እየተገፋና በገመድ እየተሳበ ነው የመጣው። ጥቂት ቆይቶም አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱም በነገሩ እጅግ ተደሰቱ፤ በመኪናውም ተሳፈሩ።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሌላም ነገር አደረጉ። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሁሉ በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። መኪናውና አዋጁ በአንድ ዓመት መሆናቸው አጋጣሚ ይሆናል። ነገር ግን እኔ ሁለቱን ለያይቼ ማሰብ አልቻልሁም፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ወለጋ መንገድ እንመለስ። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2080 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት እጅ አራቱን እጅ ያህል ብቻ ይመዝናል። የቤንዚን ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል። አየሩ ሲጎድልበት የሚያቃጥለው ቤንዚን ይቀንሳል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። በባሕር ዳርቻ 150 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር፣ አየር ጨምቆ የሚያስገባለት ቱርቦ ከሌለው፣ እዚህ የሚሰጠው 120 ገደማ ነው። ባለቤቱ የከፈለባቸው 30 ፈረሶች ነቀምቴ አይደርሱም ማለት ነው። መኪናው ካርቡሬተር ያለው የድሮ መኪና ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ለሳሳው አየር ይበዛበታል፤ ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይይዛል። ይህን የሚያስተካክለው ሜካኒክ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጥቃቅን ቀዳዳ በጠባብ ይለውጣል።

ውኃውም እንዲሁ ነው። እናቶቻችን እዚህ ባቄላ ለመቀቀል ከቆላ ሰው ይልቅ ብዙ የሚቆዩት ስንፍና ይዟቸው አይደለም፤ በነቀምቴ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ነው። በመኪና ውስጥ ይህ ነገር ክፉ ይሆናል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ይከላከላል። ነገር ግን በክዳኑ ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት አርጅታ ግፊቱን ብትለቅ፣ ያ ሁሉ ሚሊዮን ብር የወጣበት ሞተር በአንድ ትንሽ ጎማ ምክንያት ዳገት ላይ ሊቃጠል ይችላል።

ስለ ዳገት ይህን ካልሁ ስለ ቁልቁለት ደግሞ የበለጠ የምለው አለኝ። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሄደ ሰው የዴዴሳን ቁልቁለት ያውቀዋል። ከከተማው እስከ ድልድዩ ድረስ ከ700 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወረዳል፤ የለበስነውን ሹራብ አውልቀን በቆላው ሙቀት የምንተነፍሰው እዚያ ነው። በፊዚክስ ክፍል እንደ ተማርነው ከፍታ ላይ ያለ ክብደት ኃይል አለው፤ ሲወርድም ያ ኃይል አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ። ከአንዲት የክፍላችን ልጅ ጋር ሆነን አሰላነው (ሒሳቡን አስቀድማ የጨረሰችው እርሷ ናት)። 1300 ኪሎ የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 30 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። እርግጥ ነው፣ ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ነፋሱ፣ ጎማውና ሞተሩ ይካፈሉታል። ነገር ግን ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ ቤንዚን ለመቆጠብ የሚወርድ አሽከርካሪ ሞተሩ የሚካፈለውን ድርሻ ጭምር በፍሬኑ ላይ ይጭነዋል።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኋቸውን ሁለት ነገሮች ተመልከቱ። ሁለቱም የፍሬን ሸራዎች ናቸው። አንዱ አዲስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአንድ የጭነት መኪና የወጣ ነው። ያዋሰኝ ሜካኒክ ስሙን እንዳልጠራ ስለ ለመነኝ አልጠራውም። አሮጌውን ብትዳስሱት እንደ ብርጭቆ ይለሰልሳል። እንዲህ የሆነው እጅግ ግሎ ፊቱ ስለ ተቃጠለ ነው። ይህ ከደረሰ በኋላ አሽከርካሪው በሙሉ ክብደቱ ቢረግጠው እንኳ ሸራው ብረቱን አይዝም፤ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል። ከዚያ እግር የለመደውን ያህል ሲረግጥ መኪናው እንደ ለመደው አይቆምም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ደግሞ በዚህ መንገድ የሚመላለሱ ሁሉ ያውቁታል፤ በየመታጠፊያው ገደል ውስጥ የቀረውን ብረት አይተውታልና።

የስፖርት መኪና ከሌላው መኪና የሚለየው በሞተሩ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ጓደኞቼ ስለ አንድ መኪና ሲነግሩኝ የመጀመሪያው ቃል በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ ነው። ከስንት ሜትር በኋላ እንደሚቆም የነገረኝ ግን እስከ ዛሬ አንድም የለም። አደጋ አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪወስድ ድረስ ሰው አንድ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ይህ አንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ነው፤ መኪናው ገና ምንም አልቀነሰም። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም 55 ሜትር ያህል ይጨመርበታል። ፍጥነቱን እጥፍ ያደረገ ሰው የሚቆምበትን ርቀት አራት እጥፍ ያደርጋል። ይህ ሁሉ በደረቅ አስፋልት ነው። በክረምት ቀዩ የወለጋ ጭቃ አስፋልቱን ሲሸፍነው፣ ከብቶችም ከሜዳ ሲመለሱ፣ ያን 55 ሜትር ማንም አያገኘውም። እውነተኛ የስፖርት መኪና ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ሞተሩን ባጠነከሩ ቁጥር ፍሬኑን ያሰፋሉ፤ አየር እየገባ እንዲያቀዘቅዘውም ብረቱን ሁለት ንብርብር አድርገው በመካከሉ ቀዳዳ ያወጡለታል። የጎማው ጥራት፣ የሞላው ጥንካሬ፣ የመሪው ቅልጥፍና ሁሉ የሚሠራው ለዚሁ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ መኪና ለአፍሪካ መንገድ ፈጽሞ አይሆንም ማለቴ አይደለም። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም፤ ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. የተጀመረው የሳፋሪ ውድድር በጭቃ፣ በአቧራና በድንጋይ መንገድ የሚካሄድ ነው። በ1971ና በ1973 የዚህ ውድድር አሸናፊ የሆነው ዳትሰን 240ዜድ የተባለ እውነተኛ የስፖርት መኪና ነበር፤ ረዥም ኮፈን፣ ሁለት መቀመጫና ስድስት ሲሊንደር ያለው። ዝነኛው ፖርሽ ግን በዚያ ዘመን ደጋግሞ ሞክሮ ሁለተኛ ከመሆን አላለፈም። በ1974 ፖርሹን የቀደመው ሚትሱቢሺ ላንሰር የተባለ ትንሽ መኪና ሲሆን፣ ነጂውም ጆጊንደር ሲንግ ነበር።

ስለዚህ ሰው ጥቂት ልቆይ፤ ከፌራሪ ሥዕል ይልቅ የእርሱ ሥዕል በደብተራችን ላይ ቢሆን እመርጣለሁና። ጆጊንደር ሲንግ በኬንያ የተወለደ፣ ዘሩ ከሕንድ የሆነ ሰው ነው። ሙያውም ሜካኒክነት ነበር፤ ያደገውም በጋራዥ ውስጥ ነው። በ1965 ከወንድሙ ጋር ሆኖ ሳፋሪን ያሸነፈው ሌላ ነጂ አስቀድሞ በተወዳደረበት አሮጌ ቮልቮ ነበር። በ1974ና በ1976 ደግሞ በድጋሚ አሸነፈ። መኪናው አዲስ ባለመሆኑ አልተሸነፈም። እያንዳንዱን ድምፅ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ፣ መቼ ማስሮጥ መቼ ማዳን እንደሚገባ በእጁ የተማረ ሰው ስለ ሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። መኪናውን የፈታ ሰው ሲነዳውም ያዝንለታል።

ወደ ራሳችን ሀገር ብንመለስ፣ የፖርሽ ዘመድ ኢትዮጵያ ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አባቶቻችን ቮልስ እያሉ የሚጠሩት ቮልስዋገን የፈርዲናንድ ፖርሽ ሥራ ነው። በ1948 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የመጀመሪያው ፖርሽ 356 ከዚሁ ከቮልስ ብዙ ዕቃ ተውሶ የተሠራ ነው። ሁለቱም ሞተራቸው ከኋላ ነው፤ ሁለቱም የሚቀዘቅዙት በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። ክብደቱ ከኋላ የሆነ መኪና ዳገት ሲወጣ ጎማው መሬቱን አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን በመታጠፊያ ላይ ነጂው ደንግጦ እግሩን ከቤንዚኑ በድንገት ቢያነሣ ኋላው ፊቱን ሊቀድም ይፈልጋል።

ቮልስን ስናነሣ አበበ ቢቂላን አለማሰብ አይቻልም። በሮምና በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው ይህ ሰው በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከንጉሠ ነገሥቱ የተሸለመውን ቮልስዋገን ሲነዳ መኪናው ተገለበጠ። ዓለም ያደነቃቸው እግሮች ከዚያ ወዲህ አልቆሙም። በእንግሊዝ ሀገር ታከመ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖም በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ዐረፈ። ያ መኪና ከ50 የፈረስ ጉልበት ብዙም የማይበልጥ የቤተሰብ መኪና ነበር። እኛ ግን በሥዕላችን ላይ 500 ፈረስ እንመኛለን።

አሁን ስለ ጥገናው ልናገር። ባለፉት ሁለት የክረምት ዕረፍቶች በአንድ የከተማችን ጋራዥ ስላገለገልሁ ያየሁትን እላለሁ። መጀመሪያ ያስገረመኝ ቋንቋው ነው። ሜካኒኮቹ እርስ በርሳቸው በኦሮምኛ ይነጋገራሉ፤ ደንበኛው በአማርኛ ይመልሳል፤ የሚነካው ዕቃ ሁሉ ግን ስሙ ጣሊያንኛ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ችንጋ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። ጣሊያኖች አምስት ዓመት ቆይተው ተባረሩ፤ ቃላቸው ግን እስከ ዛሬ ከመኪና ሥር አልወጣም።

ሁለተኛው ያስገረመኝ ጥንቃቄው ነው። ከሩቅ ላየው ሰው ጋራዥ ዘይትና መዶሻ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ቴስታታው ወርዶ ጓርኒሲዮኑ ሲለወጥ ብሎኖቹ እንደ ተገኙ አይጠብቁም፤ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት፣ በሚለካ ቁልፍ ይጠብቃሉ። ይህ ሥርዓት ከተዛባ ቴስታታው ይጣመማል። በቫልቩ ላይ የሚተወው ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ እጅ ቢሳሳት ሞተሩ ያንኳኳል ወይም ቫልቩ ይቃጠላል። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መምህራችን አንድ ጊዜ ከመቁረጥ በፊት ሁለት ጊዜ እንድንለካ ያደርጉን ነበር። ጋራዡ ውስጥ የሚለካው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ የስፖርት መኪና ሲሆን ደግሞ ይህ ሁሉ ይጠብባል፤ ሞተሩ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ይዞራልና።

ወላጆቻችን ሆይ፣ እዚህ ላይ በአክብሮት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጃችሁ መኪና መግዛት እፈልጋለሁ ቢላችሁ ትስቃላችሁ፤ ምናልባትም ደስ ይላችኋል። መኪና መጠገን እፈልጋለሁ ቢላችሁ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርነው ከመኪና ሥር ሊተኛ ነውን የምትሉ አላችሁ። በቤታችንም ይህ ክርክር አለ፤ ገና አላለቀም። አባቴ ሐኪም እንድሆን ይፈልጋል፤ እኔ የቴክኒክ ኮሌጅ ማመልከቻ ወስጃለሁ። አባቴ በዚህ አዳራሽ ስለ ተገኘ ከዚህ የበለጠ አልናገርም። ነገር ግን ምኒልክ አዋጁን ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። መኪናውን ተቀብለን አዋጁን ረስተነዋል ብል አጠፋሁን? በዴዴሳ ቁልቁለት የምንሳፈርበትን ሚኒባስ ፍሬን ያጠበቀው ሰው ማን እንደ ሆነ ጠይቀን እናውቃለንን? የሐኪሙን ስም ግን ሁላችንም እንጠይቃለን።

የባለቤትነቱን ነገር በአጭሩ ልጨርስ፤ ደስ የማይል ነውና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በትልልቅ ሞተሮች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ ባረጁ መኪናዎች ላይ ያለው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት ኦቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መንግሥት ወሰነ። ስለዚህ የዳትሰንና የፖርሽ ወዳጆች፣ ድሮ ከገቡት መካከል አንዱን ፈልጋችሁ ከመጠገን በቀር ብዙ ምርጫ የላችሁም።

ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይበላም! ነቀምቴ ላይም ሆነ በባሕር ዳርቻ ጉልበቱ ያው ነው፤ እነዚያ የጠፉት 30 ፈረሶች ይመለሳሉ። ጉልበቱንም ለመስጠት እስኪጮህ አይጠብቅም፤ ከቆመበት ሲነሣ ሙሉውን ይሰጣል። በዴዴሳ ቁልቁለት ደግሞ ሞተሩ ተገልብጦ ኃይል አመንጪ ይሆናል፤ 30 ሊትር ውኃ ያፈላ የነበረው ሙቀት ከፊሉ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ በሜዳ ላይ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬደውን ኃይል ሊያገኝ ይችላል። ባትሪው ነቀምቴ ላይ ሞልቶ የተነሣ ከሆነ ግን የሚመለሰውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሥራው እንደገና በሸራው ላይ ይወድቃል። ከድልድዩ ሥር የሚያልፈውም ውኃ ወደ አባይ ገብቶ በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይደርሳል። በዚህችው በወለጋም ፊንጫ ከ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ኃይሉ ከደጃችን ነው።

የሚጎድለው የሚጠግነው ሰው ነው። የእነዚህ መኪናዎች ባትሪ ብዙውን ጊዜ 400 ቮልት ገደማ ነው፤ ያልተማረ እጅ ቢነካው ይገድላል። ወፍራሙ ብርቱካንማ ሽቦ የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ ነው። እኔ የሠራሁበት ጋራዥ ጌታ፣ ቴስታታን በጆሮው ብቻ የሚመረምር ሰው፣ እንዲህ ያለ መኪና በራፉ ላይ ቢቆም ኮፈኑን ከፍቶ እንደሚዘጋው በግልጽ ነግሮኛል። ማመልከቻውን የወሰድሁት ይህን ከነገረኝ በኋላ ነው።

 ሸራዎቹን ቀርባችሁ ልትዳስሱ ትችላላችሁ። ነገር ግን እጃችሁን ያጠቁራሉ፤ አዲሱን ደግሞ ዛሬ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት መመለስ አለብኝ፤ ለነገ ማለዳ ወደ ደምቢ ዶሎ ለሚነሣ አንድ አይሱዙ የሚገባ ነውና።